መኪናው «ወደ ታች» አልተሰበረም

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ብሬክ» የሚለውን ያየ ሰው «ሰበረ» የሚል ፍች ያገኛል። «ዳውን»ን ቢፈልግ ደግሞ «ወደ ታች» ይለዋል። እንግዲህ ሁለቱን አጋጥሞ «ብሬክ ዳውን» ማለት «ወደ ታች ሰበረ» ነው ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል? ድምሩ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ልክ አይደለም።

በዚህ ሳምንት በዐምዳችን የምንመለከተው ይህን ግሥ ነው። የመረጥሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። የምኖረውም የማስተምረውም በአቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈራችን የፋብሪካና የመጋዘን፣ የጋራዥና የከባድ መኪና ሰፈር እንደ መሆኑ መጠን የ«ብሬክ ዳውን» አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው አሮጌ መንገድ በማንኛውም ቀን ቢያልፉ፣ ጭነቱን እንደ ተሸከመ ዳር ይዞ የቆመ ተሳቢ አያጡም። ረዳቱ ከኋላው ድንጋይ ደርድሮ ቅጠል ጥሏል፤ ከሞተሩ ሥር የሾፌሩ እግር ብቻ ይታያል። እንግሊዛዊው ይህን ሲያይ «ዘ ትራክ ሃዝ ብሮክን ዳውን» ይላል። ምኑ ተሰበረ? ምናልባት ምኑም አልተሰበረ። ሞተሩ ግሎ፣ የነዳጅ ፓምፑ አልሠራ ብሎ ወይም ፍሪሲዮኑ አልቆ ይሆናል። በአንጻሩ መስተዋቱ በድንጋይ የደቀቀ መኪና፣ እስከ ሄደ ድረስ፣ «ብሮክን ዳውን» አይባልም። መስተዋቱ «ብሮክን» ነው፤ መኪናው ግን ደኅና ነው።

አማርኛችን በዚህ ቦታ ምን ይላል? «ተበላሸ» ይላል፣ «መንገድ ላይ ቀረ» ይላል፤ ከሁሉ ይልቅ ሾፌሮች የሚሉት ግን «ቆመብኝ» ነው። እስኪ ይህችን ቃል ልብ ብለን እንያት። ጧት ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ እጁን ዘርግቶ ታክሲ ያስቆመ ሰው «ታክሲው ቆመልኝ» ይላል። ማታ መኪናው መንገድ ላይ የቀረበት ባለንብረት «ቆመብኝ» ይላል። ግሡ ያው «ቆመ» ነው። በመካከሉ የገባችው «ል» ወይም «ብ» ግን አንዱን ባለ ዕድል፣ ሌላውን ባለ ዕዳ አደረገችው። «ዳኛው ፈረደለት» እና «ዳኛው ፈረደበት» ብንል ደግሞ ከአንድ ፊደል የተነሣ አንዱ ወደ ቤቱ፣ ሌላው ወደ ወኅኒ ይሄዳል። «ዘነበለት» ያሉት ገበሬ ዘሩን የዘራ ነው፤ «ዘነበበት» ያሉት ደግሞ እህሉን አውድማ ላይ የበተነ ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው ፊታቸው ይፈታል። እንግሊዝኛው በ«አፕ»፣ በ«ዳውን»፣ በ«ኦፍ»፣ በ«አውት» የሚሠራውን ሥራ እኛም በራሳችን መንገድ ስንሠራው ኖረናልና። ልዩነቱ የእኛዋ ትንሽ ቃል በግሡ ሆድ ውስጥ መደበቋ፣ የእነርሱ ደግሞ ከግሡ በስተኋላ ብቻዋን መቆሟ ነው።

ከዚህም የባሰ የሚመስል ጉዳይ በቋንቋችን አለ። አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ አገር ሰው «አለ» ማለት «ተናገረ» መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት ይማራል። በሁለተኛው ሳምንት «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ቀና አለ» ሲባል ይሰማል። ማን ምን ተናገረ? በመጨረሻም «ዝም አለ» የሚለው ይመጣበታል። አፉን ያልከፈተውን ሰው «አለ» ማለታችን ምን ያህል እንደሚያስገርመው ይታሰባችሁ። እኛ ግን በዚህ ቅንጣት አንደናገርም፤ ምክንያቱም «ዝም» ለብቻው፣ «አለ» ለብቻው አልተማርንም። ሁለቱን አንድ አድርገን ከእናታችን አፍ ሰማናቸው። «ብሬክ ዳውን»ም ለእንግሊዛዊ ሕፃን እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ግሡ እንመለስ። «ብሬክ» የሚለው ድምፅ ለሰፈራችን ልጆች ተጨማሪ ወጥመድ አለው። መኪና የሚያቆመውም መሣሪያ በእንግሊዝኛ ሲጠራ ከ«ሰበረ» ጋር አንድ ዐይነት ይሰማል፤ የሚለያዩት በፊደል አጻጻፍ ብቻ ነው። የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ በመሆኑ እኛ መሣሪያውን «ፍሬን» እንለዋለን፤ ካምቢዮውም፣ ጎማውም፣ ካቻቪቴውም፣ ራሱ መኪናውም ከዚያው የመጡ ናቸው። እንግሊዝኛው የገባው በትምህርት ቤት በኩል ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ አጎቱ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ፣ «ብሬክ ዳውን ማለት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዙ መውረድ ነው፤ ቲቸር» ብሎ አስረድቶኛል። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ከ«ወደ ታች ሰበረ» ይልቅ የእርሱ መልስ ጭንቅላት የሠራበት ነበርና።

ስለ መኪና ስንናገር ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ሕግ አለ። መኪናው ራሱ «ብሮክ ዳውን» ይባላል እንጂ ሾፌሩ መኪናውን «ብሮክ ዳውን» አደረገው አይባልም። እንዲህ ቢባል ሾፌሩ መኪናውን ብሎን በብሎን ፈታታው የሚል ይመስላል። ሾፌሩ አበላሸው ለማለት የፈለገ ሰው «ዳሜጅድ» ይበል። ደግሞም ጊዜው ሲለዋወጥ «ብሬክ» «ብሮክ» ይሆናል፣ ከዚያም «ብሮክን»። «ብሬክድ» የሚባል ነገር የለም፤ በየዓመቱ ግን ከፈተና ወረቀት ላይ እየነቀልሁ ስጥለው እኖራለሁ።

ከመኪና ወደ ሰው እንለፍ። ሰውም «ብሬክ ዳውን» ይላል። ለቅሶ ቤት እስኪደርስ ድረስ ራሱን ይዞ የቆየ ሰው፣ ሬሳው ሲወጣ ሲያይ እንባው ያመልጠዋል፤ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። እንግሊዝኛው «ሂ ብሮክ ዳውን» ይላል፤ አንዳንዴም «ኢን ቲርስ» ብሎ እንባውን ይጨምርበታል። እዚህ ላይ «ቅስሙ ተሰበረ» ብሎ መተርጐም ያጓጓል፤ ግን አይሆንም። ቅስሙ የተሰበረ ሰው ተስፋ የቈረጠ ነው፤ ለወራት እንዲያ ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ እንባም ላይኖረው ይችላል። «ብሮክ ዳውን» ግን የአንድ ቅጽበት ነገር ነው። ችሎ ችሎ አልቻለም። ለእኔ ቅርብ መስሎ የሚታየኝ «እንባውን መቆጣጠር አቃተው» የሚለው ነው። የሰው ጤና ከጭንቀት ብዛት ሲታወክም ስም አድርገው «ነርቨስ ብሬክዳውን» ይሉታል፤ ይህ የሕዝብ አነጋገር እንጂ ሐኪሞች በሽታ ለይተው የሚጠሩበት ስም አይደለም።

ሦስተኛው በጋዜጣ ላይ የምናገኘው ነው። ድርድር «ብሬክ ዳውን» ይላል። ሁለት ወገኖች ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነገሩ አልያዝ ብሎ ሲፈርስ ማለት ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በመሆኗ ይህ ዐይነት ዜና ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ስለ ሕዳሴው ግድብ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በኪንሻሳ የተደረገው የሦስቱ አገሮች ድርድር ያለ ስምምነት ሲያበቃም ዜናውን ያነበብነው በሁለት ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ ተርጓሚ መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። «ብሬክ ዳውን» እና «ብሬክ ኦፍ» አንድ አይደሉም። ድርድሩ «ብሮክ ዳውን» ከተባለ ፈረሰ፣ ከሸፈ ማለት ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ቃሉ አይናገርም። አንደኛው ወገን ድርድሩን «ብሮክ ኦፍ» ካለ ግን አውቆ፣ ወስኖ አቋረጠው ማለት ነው፤ ጣት ተቀስሮበታል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ድርድሩን አቋረጡ» ብሎ ቢያወርዳቸው አንድን መንግሥት ያላለውን ሊያስብለው፣ ያላደረገውን ሊያስደርገው ይችላል። ስብሰባ «ብሬክ አፕ» ሲል ደግሞ ተነጋግሮ፣ ሻይ ጠጥቶ ተበተነ ማለት ብቻ ነው።

ይህ ለቋንቋ አስተማሪ ብቻ የሚታይ ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ሰው ካለ የውጫሌን ውል ያስታውስ። በ1881 ዓ.ም. በተጻፈው ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ አማርኛው የሚቻል ያደረገውን ነገር ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ልዩነቱ የአንዲት ግሥ ነበር። የዚያችን ግሥ ሒሳብ ያወራረድነው በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ እደርሳለሁ። «ብሬክ ዳውን» በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢኖር ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምሁበት። ነገር ግን ቃሉ የሚኖረው በባዮሎጂና በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት ተማሪ ስለ ሆድ ዕቃ የሚናገረውን ምዕራፍ ስትከፍት፣ ኤንዛይም የሚባሉ ነገሮች ምግብን «ብሬክ ዳውን» ያደርጋሉ የሚል ታገኛለች። «ኤንዛይም» የሚለውን ትልቅ ቃል አስተማሪው በሰሌዳው ላይ ጽፎ ያብራራዋል፤ ከሥሩም ያሰምርበታል። «ብሬክ ዳውን»ን ግን ማን ያብራራዋል? የባዮሎጂ አስተማሪው የእንግሊዝኛ አስተማሪው ሥራ ነው ይላል። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ደግሞ ምናልባት ሦስት ወር ቆይቶ፣ በሌላ ምዕራፍ፣ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ያስተምረዋል። ተማሪዋ በመካከሉ «ኤንዛይም ምግብን ወደ ታች ይሰብራል» ብላ በደብተሯ ትጽፋለች። ከጉሮሮ ወደ ሆድ እየሰበረ የሚያወርድ ነገር አድርጋ ትስለዋለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ሥዕል ላይ የተሠራ ቤት ይሆናል።

ነገሩን በአማርኛ ብናስረዳት ግን ከቤቷ ታውቀዋለች። እናቷ ጠላ ትጠምቅ እንደ ሆነ ብቅል እንዴት እንደሚዘጋጅ አይታለች። ገብሱ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ሲበቅል በውስጡ አሚሌዝ የሚባል ኤንዛይም ይበዛል። ይህ ኤንዛይም በድፍድፉ ውስጥ ስታርች የተባለውን የእህል ኀይል ይዞ ይፈታዋል፤ ረጅሙን ሰንሰለት በጣጥሶ ስኳር ያደርገዋል። ከዚያም እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ብቅል የሌለው ድፍድፍ ደኅና ጠላ የማይሆነው ስለዚህ ነው። «ብሬክ ዳውን» ማለት ይኸው ነው፤ ትልቁን ነገር ወደ ትናንሽ ክፍሎቹ መፍታት፣ ማድቀቅ፣ መበጣጠስ። ማረጋገጫ ለሚሻ ተማሪ ደግሞ ቀላል ሙከራ አለ። ቁራሽ ዳቦ አፉ ውስጥ ይዞ ሳይውጥ ደጋግሞ ያኝክ። ቈይቶ ጣፈጥ ይለዋል፤ ምራቃችን ውስጥ የብቅሉ ዘመድ የሆነ አሚሌዝ አለና ሥራውን በአፍ ውስጥ ይጀምራል። ይህን በክፍል ያደረግን ዕለት «ብሬክ ዳውን»ን ያልያዘ ተማሪ አልነበረም፤ ዳቦው ማለቁን ግን ያማረሩ ነበሩ።

ወደ ውጭ ብንወጣም ያው ቃል ይከተለናል። የአቃቂ ወንዝ ከከተማው የሚያግዘውን ቈሻሻ ሁሉ ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። የአትክልቱ ልጣጭና ቅጠሉ በጊዜው ይበሰብሳል፤ እንግሊዝኛው «ብሬክስ ዳውን» ይለዋል፤ እዚህ ላይ ፍችው «በስብሶ አፈር ሆነ» ነው። ፌስታሉ ግን «ደዝ ኖት ብሬክ ዳውን»፤ የጣለው ሰው ልጅ አድጎ የልጅ ልጅ ቢያይም እዚያው ሊያገኘው ይችላል። አሁን ተማሪዋ በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ «አይሰበርም» ብላ ብትተረጉም ፌስታል የማይሰበር ጠንካራ ዕቃ ነው፣ እንግዲህ ጥሩ ነገር ነው ብላ ልትመልስ ትችላለች። በፈተና ላይ መልሱ ስሕተት ይሆንና «ሳይንስ አልገባትም» ይባላል። የገባት ሳይንስ ነው፤ ያልገባት አንዲት ቅንጣት ናት።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተሰጠው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ሲነገር ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ሲነገር ሰምተናል፤ ሁሉንም በአንድ ግሥ ጀርባ ላይ ልጭን አልፈልግም። ነገር ግን የፊዚክሱም፣ የኬሚስትሪውም፣ የጂኦግራፊውም ጥያቄ በእንግሊዝኛ እንደ ተጻፈ፣ በእያንዳንዱም ውስጥ «ጊቭ ኦፍ» (ለቀቀ፣ አወጣ)፣ «ቴክ ኢን» (ወደ ውስጥ ወሰደ)፣ «ሜክ አፕ» (አንድ ላይ ሆኖ ሠራ) የሚሉ ቃላት እንዳሉ ማንም መጽሐፉን ገልጦ ማየት ይችላል። ዕፅዋት ኦክስጅን «ጊቭ ኦፍ» ያደርጋሉ ሲባል «ሰጥተው አጠፉ» ብሎ የሚያነብ ልጅ የሚያውቀውን ጥያቄ ይሳሳታል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ መፍትሔው እነዚህን ግሦች ከመጽሐፉ አውጥቶ በረጃጅሞቹ መተካት ነው ይላሉ። እውነትም «ብሬክ ዳውን» ላለባቸው ቦታዎች ሁሉ ምትክ አላቸው፤ ለምግቡ «ዳይጀስት»፣ ለቈሻሻው «ዲኮምፖዝ»፣ ለድርድሩ «ኮላፕስ»፣ ለሒሳቡ «አናላይዝ»። የሚያስደንቀው እነዚህ ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ረጃጅም ቃላት ለእኛ ተማሪዎች የሚቀሉ መሆናቸው ነው፤ አንድ ቃል አንድ ፍች ይይዛልና። እንግሊዛዊው ልጅ ተቃራኒው ነው፤ አጭሮቹን በእናቱ ጉልበት ላይ፣ ረጃጅሞቹን በትምህርት ቤት ይማራል። ሐሳባቸው ገብቶኛል፤ ግን አልስማማበትም። መጽሐፉን ብናጸዳ ፈተናውን አናጸዳውም፤ ፈተናውን ብናጸዳ ዩኒቨርሲቲው ይቀራል፤ ከዚያም ፋብሪካው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ይቀራል። «ሹት ዳውን» እና «ሹት ኦፍ» የሚሉትን ትእዛዞች የማሽን ሠራተኛ በመዝገበ ቃላት የሚፈታበት ጊዜ የለውም።

መዝገበ ቃላትን ካነሣን ዘንድ፣ የችግሩ ዕድሜ አጭር አለመሆኑን ልናገር። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም በመቅድሙ ላይ ለባዕዳን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ከቅንጣት ጋር የሚጣመር ግሥ መሆኑን ገልጦ ነበር፤ ከምሳሌዎቹም አንዱ «ብሬክ ኦፍ» ነው። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስም ራሱ የተስፋፋው በሎጋን ፒርሳል ስሚዝ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በትምህርት ቤቶቻችን የበላይነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ዙፋኑን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ስለሚፈታ፣ ለዚህ ዐይነቱ ግሥ ከሚጠቅሙት መካከል እኔ የማስቀድመው እርሱን ነው። ቃልን ከቃል ብቻ የሚያጋጥመውን ትንሹን የኪስ መዝገበ ቃላት ግን ለፍሬዛል ቨርብ አትመኑት።

የቢሮ ሰዎች «ብሬክዳውን» ሲሉ ደግሞ ሌላ ነው። «የዋጋ ብሬክዳውን አምጣ» ይላሉ። ድምሩን ብቻ አይደለም፣ ሲሚንቶው ስንት፣ አሸዋው ስንት፣ የቀን ሠራተኛው ስንት እንደ ሆነ ለይተህ ጻፍ ማለታቸው ነው። አማርኛው «ዝርዝር» የሚል ያማረ ቃል እያለው ለምን እንደ ተውት እነርሱ ያውቃሉ። «ዘረዘረ» ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ግሥ ነው። ባለ ሱቁን «መቶ ብር ዘርዝርልኝ» ስንለው ትልቁን ወደ ትናንሽ ፍታልኝ ማለታችን አይደለምን? እንግሊዛዊውም ለዚሁ ነገር «ብሬክ» ይላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ያለ «ዳውን»። ብር የሚዘረዝር ሰው «ብሬክ ዳውን» ካለ ባለ ሱቁ ግር ይለዋል።

ስለ አቀማመጡ ሁለት ቃል ልጨምር። ነገሩ በስሙ ሲጠራ ከ«ዳውን» በፊትም በኋላም ይገባል፤ «ብሬክ ዳውን ዘ ስታርች» ወይም «ብሬክ ዘ ስታርች ዳውን»። በተውላጠ ስም ሲሆን ግን አንድ ቦታ ብቻ አለው፤ «ብሬክ ኢት ዳውን» እንጂ «ብሬክ ዳውን ኢት» አይባልም። ይህን ሕግ ማስታወስ ያቃተው አማርኛውን ይመልከት። «ዋጋውን ዝቅ አደረገው» እንላለን፤ «ው» የተጣበቀችው በግሡ ላይ ነው። «ዝቅው አደረገ» የሚል ኢትዮጵያዊ ገና አልተወለደም።

የድምፁም ነገር አለ። ስም ሲሆን አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል፤ ኀይሉም በ«ብሬክ» ላይ ያርፋል። ግሥ ሲሆን ሁለት ቃል ነው፤ ኀይሉም ወደ «ዳውን» ይሄዳል። ፊደሉ አንድ ሆኖ በአነጋገር ብቻ መለየት ለእኛ እንግዳ አይደለም። «አለ» ስናላላው «ተናገረ» ነው፤ ስናጠብቀው «ይገኛል» ነው። «ገና»ም ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ «ገና ነው» ነው።

የ«ብሬክ» ወንድሞች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ዛሬ አንጨርሳቸውም። ሌባ «ብሬክ ኢን» ይላል፣ ሰብሮ ይገባል፤ እስረኛ «ብሬክ አውት» ይላል፣ ሰብሮ ያመልጣል፤ እሳትና ወረርሽኝም «ብሬክ አውት» ይላሉ፣ እነርሱ ግን ምንም ሳይሰብሩ ይነሣሉ። ፍቅረኞች «ብሬክ አፕ» ይላሉ፤ ይህን ማስተማር አላስፈለገኝም፣ 11ኛ ክፍል ሁሉ ያውቀዋል። ያለ ቅንጣቱም «ብሬክ» ወደ አማርኛ ሲገባ መልኩን ይለዋውጣል፤ እነርሱ ሕግ ሲሰብሩ እኛ እንጥሳለን፣ ቃላቸውን ሲሰብሩ እኛ እናጥፋለን፣ ጾም ሲሰብሩ እኛ እንፈታለን። ቀኑ ሲሰበርላቸው ለእኛ ጎሕ ይቀዳል። ጋዜጠኞቻችን ግን ትኩስ ወሬ ለማለት «ሰበር ዜና» የሚል ቃል አወጡ። እንደ ቋንቋ አስተማሪ ስሕተት ነው ልል ብዬ ነበር፤ በ«ወደ ታች ሰበረ» መንገድ የመጣ ነውና። ነገር ግን ሕዝቡ ተቀብሎታል፤ አሁን «ሰበር ዜና» ሲባል ማንም መዶሻ አይፈልግም። ቃል አንዴ ከለመደ በኋላ የትውልድ ቦታውን መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

ለተማሪዎች የምለው ይህ ነው። «ብሬክ ዳውን» ብላችሁ በደብተራችሁ በስተግራ፣ «ተበላሸ» ብላችሁ በስተቀኝ አትጻፉ። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ማን «ብሬክ ዳውን» እንዳለ ይታይ። መኪና ከሆነ ቆመ፣ ሰው ከሆነ አለቀሰ፣ ድርድር ከሆነ ከሸፈ፣ ምግብ ከሆነ ደቀቀ፣ ሒሳብ ከሆነ ተዘረዘረ፣ በር ከሆነ ደግሞ፣ ይኸውላችሁ፣ እውነትም ተሰበረ። ለወላጆችም አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጃችሁ የባዮሎጂ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ እንግሊዝኛ አላውቅም ብላችሁ አትሽሹ፤ ብቅሉን እንዴት እንደምታዘጋጁ አስረዱት፤ የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን።

በቃሊቲ መንገድ ላይ የሚያልፉ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ቀን «ብሬክዳውን» የሚል ቃል የተጻፈበት፣ ከኋላው ማንሻ ያለው መኪና ቢያዩ፣ ባለቤቱን «አይዞህ፣ ምን ሆነብህ?» ብለው አይጠይቁት። «ብሬክዳውን ትራክ» የሚባለው የተበላሸው መኪና አይደለም፤ የተበላሸውን ሊጐትት የመጣው ነው።